ግምት የሚስትባቸው ሦስት ቦታዎች፦ ሒሳብ ስለ ዝግመተ ለውጥ የሚያስተምረን

የዛሬው ንግግሬ ዘረመሎች በአንድ ሕዝብ ወይም በአንድ የእንስሳ መንጋ ውስጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዴት እንደሚበዙና እንደሚመናመኑ፣ ይህንንም ለመረዳት ሒሳብ ምን እንደሚያግዘን ነው። ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ ክርክር ለመክፈት አልመጣሁም፤ ለዚያ ሌላ ምሽት ያስፈልገዋል። የእኔ ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው። ባለሙያው በመስክ ናሙና ይሰበስባል፤ በቤተ ሙከራ ይመረምራል። ወረቀትና እርሳስ ይዞ የሚቀመጠው ሰውዬ ታዲያ ምን ይጨምርልናል?

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። የሒሳብ ሞዴል «ይህንን ከተቀበልክ የግድ ይህ ይከተላል» እያለ ሐሳባችንን ሥርዓት የሚያስይዝ መሣሪያ ነው። የሚያስፈልገንም ስለ ብዙ ትውልዶች ስናስብ ግምታችን ስለሚስት ነው። ደግነቱ፣ የሚስትባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ሦስቱን መርጫለሁ። አንደኛ፣ ገናና የሆነ ባሕርይ ውሎ አድሮ ሁሉን ይወርሳል ብለን እናስባለን። ሁለተኛ፣ ጥቂት ብልጫ የትም አያደርስም ብለን እንንቃለን። ሦስተኛ፣ የተለወጠ ነገር ሁሉ የተለወጠበት ዓላማ ወይም ጥቅም አለው እንላለን። እነዚህን በቅደም ተከተል ካየን በኋላ ሦስቱንም ይዘን ወደ አገራችን ጤና ኬላዎች፣ ወደ ወባ ምርመራ እንወርዳለን። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ወደ መጀመሪያው ግምት ልግባ። መነኩሴው ግሪጎር ሜንዴል አተር እያዳቀለ የደረሰበትን ውጤት ያሳተመው በ1866 ነው፤ ዓለም ያስታወሰው ግን በ1900 ነው። ሜንዴል ያሳየን እያንዳንዱ ተክል ለአንድ ባሕርይ ሁለት የዘረመል ቅጂ እንደሚይዝ፣ ሁለቱ ቅጂዎች ሲለያዩም አንዱ ገናና ሆኖ ሲታይ ሌላው ድብቅ ሆኖ እንደሚቀመጥ ነው። ሁለቱንም ዓይነት ቅጂ የያዙ ተክሎች እርስ በርስ ሲዳቀሉ ከአራት ልጆች በአማካይ ሦስቱ ገናናውን ባሕርይ ያሳያሉ።

ይህ ከታወቀ በኋላ አንድ ጥያቄ ተነሣ። በሰው ላይ ጣትን የሚያሳጥር ገናና ዘረመል አለ። ገናና ከሆነ ታዲያ፣ ከአራት ሰው ሦስቱ ጣተ አጭር ያልሆነው ለምንድን ነው? እንግሊዛዊው የጄኔቲክስ ሊቅ ሬጂናልድ ፑኔት በ1908 ጥያቄውን ይዞ ወደ ካምብሪጅ ወዳጁ፣ አብሮት ክሪኬት ይጫወት ወደነበረው ጎድፍሪ ሃሮልድ ሃርዲ ሄደ። ሃርዲ ቁጥሮችን ለውበታቸው ብቻ የሚያጠና፣ ሥራው ለተግባር አለመዋሉን እንደ ክብር የሚቆጥር የሒሳብ ሰው ነበር። መልሱን በዚያው ዓመት «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ በአጭር ደብዳቤ አወጣ። ሽቱትጋርት ላይ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊ ሐኪም ቪልሄልም ቫይንበርግም ከእርሱ ወራት ቀደም ብሎ እዚያው ደርሶ ነበርና ሕጉ ዛሬ በሁለቱም ስም ይጠራል።

ስሌቱን አብረን እንሥራው። በአንድ ሕዝብ ውስጥ ካሉት የዘረመል ቅጂዎች መካከል ከመቶ አሥሩ ገናና፣ ዘጠናው ድብቅ ናቸው እንበል። ሰዎች ይህን ባሕርይ ሳይመርጡ ይጋባሉ። አንድ ልጅ ከሁለቱም ወላጆቹ ገናናውን የማግኘቱ ዕድል አንድ አሥረኛ ሲባዛ በአንድ አሥረኛ፣ ማለትም ከመቶ አንድ ነው። ከሁለቱም ድብቁን የማግኘቱ ዕድል ከመቶ ሰማንያ አንድ ነው። የቀሩት ከመቶ ዐሥራ ስምንቱ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ይይዛሉ። አሁን በልጆቹ ውስጥ ያሉትን ገናና ቅጂዎች እንቁጠር፤ አንዱ መቶኛ በሙሉ፣ ዐሥራ ስምንቱ መቶኛ ደግሞ በግማሽ ይገባሉ፤ ድምሩ ከመቶ አሥር ነው። የተነሣንበት ቁጥር ተመልሶ መጣ። የልጅ ልጆቹን ብትቆጥሩም ያው አሥር ነው። ገናናነት በአንድ ሰው አካል ላይ የትኛው ቅጂ እንደሚታይ ይወስናል እንጂ በሕዝብ ውስጥ መብዛትን አያስገኝም።

ይህ ስሌት የሚሠራው ሕዝቡ በጣም ብዙ ሲሆን፣ ጋብቻው ከባሕርዩ ጋር ሳይገናኝ፣ ስደተኛ ሳይገባ፣ አዲስ የዘረመል ለውጥ ሳይፈጠርና ከሁለቱ አንዱ ብልጫ ሳይኖረው ነው። እነዚህን ሁሉ የሚያሟላ ሕዝብ በምድር ላይ የለም። ታዲያ ምን ይጠቅማል? ምንም ኃይል ባይሠራ ኖሮ ምን እናይ እንደነበር ይነግረናል። በመስክ የሰበሰብነው ቁጥር ከዚህ መስመር ሲርቅ፣ አንድ ኃይል እየሠራ መሆኑን ያን ጊዜ እናውቃለን።

ከዚሁ ስሌት ሌላ ከባድ ትምህርት ይወጣል። ከአሥር ሺህ ሰው አንዱን የሚያጠቃ፣ ከሁለቱም ወላጅ ካልተወረሰ የማይታይ በሽታ እንውሰድ። ቀመሩ እንደሚለው በሽታ ሳይታይባቸው አንድ ቅጂ የተሸከሙት ከአሥር ሺህ 198 ናቸው። ዘረመሉ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚገኘው በጤነኞች ውስጥ ነው ማለት ነው። ሕሙማኑ ሁሉ ልጅ እንዳይወልዱ ቢደረግ የዘረመሉን ድርሻ በግማሽ ለመቀነስ መቶ ትውልድ፣ በ25 ዓመት ብናሰላው 2,500 ዓመት ይፈጃል። ይህን የማነሣው ያለ ነገር አይደለም። በአሜሪካ የኢንዲያና ግዛት «ዘርን ለማጥራት» ሰዎችን ያለ ፈቃዳቸው የሚያመክን ሕግ ያወጣው በ1907 ነው፤ በዚያች አገር በእንዲህ ዓይነት ሕጎች ከ60,000 በላይ ሰዎች መክነዋል። የሃርዲ ስሌት የታተመው ከኢንዲያናው ሕግ አንድ ዓመት ዘግይቶ ነው። ስሌቱ ግን በራሱ ማንንም አላስጣለም፤ ከዚሁ ጥናት መሥራቾች አንዱ የሆነው ሮናልድ ፊሸር እንኳ የዚያ እንቅስቃሴ ደጋፊ ነበር። ሒሳብ የአንድን መንገድ ርዝመት ይነግረናል፤ በመንገዱ መሄድ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው የሕሊና ጥያቄ ነው።

ወደ ሁለተኛው ግምት ልለፍ፤ ጥቂት ብልጫ ወደሚናቅበት። በእንግሊዝ አገር ነጭ ክንፏ በጥቁር ነጠብጣብ የተረጨ የእሳት ራት አለች። በ1848 ማንቸስተር ላይ አንድ ጥቁር ተያዘ። የፋብሪካዎች ጭስ የዛፎችን ልጥ ሲያጠቁር በልጡ ላይ ከወፎች ዓይን የሚሰወረው ጥቁሩ ዓይነት እየበዛ ሄዶ በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ በዚያ አካባቢ ነጩን ከሞላ ጎደል ተካው። ሳይንቲስቱ ጄ. ቢ. ኤስ. ሃልዴን በ1924 ይህን የጊዜ ርዝመት ወስዶ ወደ ኋላ አሰላ። አንድ ዓይነት በሃምሳ ዓመት ገደማ፣ በዓመት አንድ ትውልድ ብቻ እየወለደ ይህን ያህል እንዲበዛ ጥቁሩ ከነጩ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል የሚተርፍ ዘር ሊኖረው ይገባል አለ። በዚያ ዘመን ብዙዎች የተፈጥሮ ምርጫን በእጅጉ ደካማና አዝጋሚ ኃይል አድርገው ያስቡት ነበርና ቁጥሩ አስደናቂ ነበር። ሃልዴን ግን ይህን ለማለት አንዲት የእሳት ራት መያዝ አላስፈለገውም።

በመስክ ማረጋገጡ ዘመናት ወሰደ። ተመራማሪው ማይክል ማጄረስ በካምብሪጅ አቅራቢያ ከ2001 ጀምሮ ለስድስት ዓመታት 4,864 የእሳት ራቶችን ለቆ ወፎች የትኞቹን እንደሚለቅሙ ተከታተለ። በዚያን ጊዜ አየሩ ጠርቶ፣ የዛፉ ሽበት ተመልሶ ስለነበር የሚጎዱት ጥቁሮቹ ነበሩ። በ2016 ደግሞ ተመራማሪዎች ጥቁረቱን ያመጣውን የዘረመል ለውጥ አገኙና በዙሪያው ያለው የዘር ቅደም ተከተል ምን ያህል እንደ ተቀላቀለ አይተው ለውጡ የተከሰተበትን ዘመን አሰሉ። የደረሱበት ዓመት 1819 ገደማ ነው። የመጀመሪያው ጥቁር የእሳት ራት በሰብሳቢ እጅ ከመግባቱ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ መሆኑ ነው።

የእሳት ራቷ ብልጫ ግን ትልቅ ነበር። ብልጫው አንድ በመቶ ብቻ ቢሆንስ? አንዱ ዓይነት 100 ልጅ ሲያሳድግ ሌላው 101 ያሳድጋል እንበል። በመንደር ተቀምጦ ልዩነቱን የሚያስተውል ሰው አይገኝም። ሆኖም ከመቶ አንድ የነበረው ዓይነት ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ እስኪደርስ የሚያስፈልገው ወደ 920 ትውልድ ነው። ለሰው ይህ ከሃያ ሺህ ዓመት በላይ ነው፤ በዓመት አንዴ ለሚፈራረቅ ነፍሳት ከሺህ ዓመት ያነሰ፤ በሰዓት ሁለት ሦስቴ ለሚከፈል ባክቴሪያ ጥቂት ሳምንታት። የጉዞውንም ቅርጽ ልብ በሉ። ከአንድ በመቶ ወደ አሥር በመቶ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ከአሥር በመቶ ወደ ሃምሳ በመቶ ለመድረስ ከሚፈጀው ጋር ተቀራራቢ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ማንም ምንም አያይም፤ በሁለተኛው ሁሉም በድንገት የመጣ ይመስለዋል። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ሦስተኛው ግምት ከሁሉ ይልቅ ሥር የሰደደ ነው፤ የተለወጠ ሁሉ በምክንያት ተለወጠ የሚለው። አሜሪካዊው ስዋል ራይት በ1931 ያሳተመው ትልቅ ጥናት በዕጣ ብቻ ለሚመጣ ለውጥ ሰፊ ቦታ የሰጠ ነበር። አንድ ገበሬ ከጎተራው ነጭና ቀይ ቦሎቄ እኩል ተደባልቆ አለው እንበል። ለዘር ሁለት ቁና ሙሉ ቢሰፍር ነጩና ቀዩ እኩል ያህል ይወጡለታል። አሥር ፍሬ ብቻ ቢያነሣ ግን ሰባት ነጭና ሦስት ቀይ ቢወጣ አያስገርምም፤ የሚቀጥለው ዓመት አዝመራ ከዚያ ይነሣል። በየዓመቱ አሥር አሥር እያነሣ ቢዘራ አንድ ቀን ጎተራው በሙሉ አንድ ቀለም ይሆናል። ጎረቤቱ «ነጩ ለምን አሸነፈ?» ቢል መልሱ «ዕጣ ወጣለት» ብቻ ነው።

ይህ በሕያዋን ላይ ሲፈተን ታይቷል። ተመራማሪው ፒተር ቡሪ በ1956 ባሳተመው ጥናት የፍራፍሬ ዝንቦችን በ107 ጠርሙስ አረባ። በእያንዳንዱ ጠርሙስ ስምንት ወንድና ስምንት ሴት ነበሩ፤ የዓይንን ቀለም ከሚወስኑ ሁለት የዘረመል ዓይነቶችም እኩል እኩል ያዙ። በየትውልዱ ዐሥራ ስድስት ዝንብ ብቻ እየመረጠ ዐሥራ ዘጠኝ ትውልድ ቀጠለ። በመጨረሻ በ30 ጠርሙስ አንደኛው ዓይነት ጨርሶ ጠፍቶ ነበር፤ በ28ቱ ደግሞ ያው ዓይነት ብቻ ቀርቶ ነበር። ምግቡ አንድ፣ ሙቀቱ አንድ፣ ጠርሙሱ አንድ ዓይነት ነው። አንዱን ጠርሙስ ብቻ የሚያይ ሰው «ይህ ዓይነት ብልጫ ስላለው አሸነፈ» ብሎ ሳይጠራጠር ይጽፍ ነበር። መቶ ሰባቱን አብሮ የሚያይ ግን የዕጣን እጅ ያያል።

ከዚህ ሙከራ ሌላም ነገር ተገኘ። ቀመሩ እንደሚለው በዐሥራ ስድስት ዝንብ መንጋ ውስጥ ብዝኃነት በየትውልዱ አንድ ሠላሳ ሁለተኛ ይቀንሳል። በጠርሙሶቹ ውስጥ ግን ከዚያ ፈጥኖ ቀነሰ። ሞዴሉ ተሳሳተ ብሎ ከመጣል ይልቅ የትኛው ታሳቢ እንዳልሠራ መጠየቅ ይሻላል፤ ዐሥራ ስድስቱ ሁሉ እኩል አልወለዱም ነበር። ለመራባት የሚቆጠረው መንጋ በዓይን ከሚቆጠረው ያነሰ ነው። ይህ በአገራችን ተራሮች ላይ ቀላል ነገር አይደለም። ቀይ ቀበሮ ከ500 ያነሱ አዋቂዎች ብቻ የቀሩት፣ በተራራቁ ደጋማ ቦታዎች የተበታተነ፣ ከግማሽ በላይም በባሌ ተራሮች የሚኖር የኢትዮጵያ ብርቅ እንስሳ ነው። በየመንጋው የምትወልደው በዋናነት የበላይዋ ሴት ናት። ስለዚህ በአንድ ተራራ ላይ ሃምሳ ቀበሮ ተቆጠረ ሲባል የዘረመል ሀብቱ የሚጠበቀው በሃምሳ ልክ ሳይሆን ከዚያ በጣም ባነሰ ቁጥር ልክ ነው።

ዕጣ ለተፈጥሮ ምርጫም ፈተና ነው። ሃልዴን በ1927 እንዳሳየው፣ የአንድ በመቶ ብልጫ ይዞ በአንድ ግለሰብ ላይ ብቅ ያለ አዲስ የዘረመል ለውጥ በትልቅ ሕዝብ ውስጥ እንኳ ሥር የመስደዱ ዕድል ከመቶ ሁለት ያህል ነው። እንዲህ ካሉ መቶ ጠቃሚ ለውጦች ዘጠና ስምንቱ ገና በጨቅላነታቸው ይጠፋሉ ማለት ነው። ጃፓናዊው ሞቶ ኪሙራ በ1968 ከዚህም አልፎ ሄደ፤ በፕሮቲኖች ደረጃ ከምናየው ለውጥ አብዛኛው ጥቅምም ጉዳትም የሌለው፣ በዕጣ የተንሳፈፈ ነው አለ። ክርክሩ ዛሬም አልቆመም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ «ይህ የተመረጠ ነው» የሚል ተመራማሪ በመጀመሪያ በዕጣ ብቻ ሊሆን የማይችል መሆኑን የማሳየት ግዴታ አለበት።

አሁን ሦስቱን ትምህርቶች ይዘን ወደ ቃል የገባሁላችሁ ቦታ እንምጣ። በገጠር ጤና ኬላ ትኩሳት ያለው ሰው ሲመጣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከጣቱ ጠብታ ደም ወስዳ በፈጣን መመርመሪያ ላይ ታደርጋለች። በብዛት ተሠራጭተው የቆዩት መመርመሪያዎች የሚፈልጉት ፋልሲፓረም የተባለችው አደገኛ የወባ ተሕዋስ የምታመነጨውን ኤች አር ፒ ሁለት የተባለ ፕሮቲን ነው። መስመሩ ከታየ ሕክምና ይሰጣል፤ ካልታየ አይሰጥም። አሠራሩ ጥሩ ነው። ግን ተሕዋስዋ ያንን ፕሮቲን የሚሠራውን ዘረመል ብታጣስ? ያለ እርሱ መኖር ትችላለች። በመመርመሪያው ላይ አትታይም፤ በሽተኛው መድኃኒት ሳይወስድ ይመለሳል፤ ትንኝም ከእርሱ ቀድታ ወደ ሌላ ታሻግራታለች። ምርመራው ራሱ የተፈጥሮ ምርጫ መሣሪያ ሆነ።

ይህ በግምት የተባለ አይደለም። እንዲህ ያሉ ተሕዋስያን ከፔሩ የአማዞን አካባቢ በ2010 ተዘግበው ነበር፤ በ2016 በኤርትራ በብዛት መገኘታቸው ደግሞ ማንቂያ ደወል ሆነ። በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ክልሎች 12,572 ሰዎችን ያካተተና በ2021 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በዚህ የዘረመል መጥፋት ምክንያት በኤች አር ፒ ሁለት ላይ የተመሠረተው መመርመሪያ ከፋልሲፓረም ወባ ሕሙማን መካከል 9.7 በመቶውን ያልፋቸው ነበር። ተመራማሪዎቹ በመቁጠር አላቆሙም፤ «ይህ ዕጣ ነው ወይስ ምርጫ?» ብለው ጠየቁ። አንድ ዘረመል በዕጣ ቀስ ብሎ ሲበዛ በዙሪያው ያለው የዘር ቅደም ተከተል ለመቀላቀል ጊዜ ያገኛል። በምርጫ ፈጥኖ ሲበዛ ግን ጎረቤቶቹን ሳይበታትን ጠቅልሎ ይዞ ይሄዳል። ያገኙት ምልክት የኋለኛው ነበር፤ ጠንካራ የተፈጥሮ ምርጫ፣ ምንጩም በመመርመሪያው ላይ የተመሠረተው የሕክምና አሠራር።

ስለ ጉዞው ቅርጽ ያዙልኝ ያልኋችሁን ነጥብ አሁን እናምጣት። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ዘረመሉ የጠፋባት ተሕዋስ በእያንዳንዱ ከሰው ወደ ትንኝ፣ ከትንኝ ወደ ሰው ዙር የአሥር በመቶ ብልጫ አላት እንበል። ከአንድ በመቶ ተነሥታ አሥር በመቶ ለመድረስ ሃያ አምስት ዙር ያህል ይበቃታል፤ ከአሥር ወደ ሃምሳ በመቶ ደግሞ ሃያ ሦስት ያህል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ የዘረመል መጥፋት ምክንያት በመመርመሪያው የሚታለፉት ሕሙማን አምስት በመቶ ሲደርሱ አገሮች መመርመሪያውን እንዲቀይሩ ይመክራል። አምስት በመቶ ለሚሰማው ሰው ትንሽ ነው፤ በሞዴሉ ላይ ግን ከአንድ ወደ ሃምሳ በመቶ ከሚያደርሰው ጉዞ ከሲሶ በላይ ተሄዷል።

ሞዴሉ የነገረን ሌላው ነገር ደግሞ ከግምታችን ጋር ጨርሶ የሚጻረር ነው። እንዲህ ያለችው ተሕዋስ የምትበረታው ወባ በበዛበት ነው ብለን ልናስብ እንችላለን። በ2017 የታተመ የሞዴል ጥናት ያሳየው ተቃራኒውን ነው። ወባ በበዛበት ቦታ አንድ ሰው ብዙ ዓይነት ተሕዋስ በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ ዘረመሏ የጠፋባት ብትደበቅም አብራት ያለችው ፕሮቲኑን ስለምታመነጭ መመርመሪያው ያሳያል፤ መድኃኒቱም ሁለቱንም ያገኛቸዋል። ወባ በቀነሰበት ቦታ ግን ተሕዋስዋ ብቻዋን ስለምትገኝ ታመልጣለች። የጤና ሠራተኞች መመርመሪያውን አምነው በተከተሉ ቁጥርም ብልጫዋ ይጨምራል። አደጋው የሚያይለው የወባ መከላከል ሥራ በተሳካበት፣ ሥርዓቱም በሚከበርበት አካባቢ ነው። ይህን ከአንድ ጤና ኬላ መዝገብ ማንበብ አይቻልም፤ ሁለቱን ሁኔታ በስሌት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ወደ ማጠቃለያዬ ልምጣ። ስለ ሞዴል ስናገር እንደ ትንቢት እንዳትወስዱት አደራ እላለሁ። የአሥር በመቶውን ብልጫ እኔ ነኝ የሰጠሁት፤ ብልጫው አምስት ቢሆን ጊዜው እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ማንኛውም ባለሙያ ሞዴል ይዞ ሲመጣ ሁለት ጥያቄ ጠይቁት፤ ምን ምን ታሳቢ አድርገሃል? ምን ብናይ ስሕተት መሆኑን ትቀበላለህ? ሁለቱን ሳያመነታ የሚመልስ ሰው ቁጥሩ ቢስት እንኳ ከእርሱ እንማራለን፤ ከቡሪ ዝንቦች እንደተማርነው።

ለእኛ አገር የሚቀረው ሥራ ደግሞ ግልጽ ነው። ተሕዋስያን መድኃኒትን፣ የሰብል በሽታዎችም የተሻሻለ ዘርን እንዲሁ ይለማመዳሉ፤ የሁሉም ጉዞ በዚያው ቀመር ይሄዳል። ችግሩ በዓይን ከታየ በኋላ ናሙና መሰብሰብ የምንጀምር ከሆነ ሁልጊዜ የምንደርሰው በሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነው። ቆጠራው መጀመር ያለበት ውጤቱ «ምንም የለም» በሚባልበት ዓመት ነው፤ ለዚያ ዓመት በጀት መጠየቅ አስቸጋሪ መሆኑን አውቃለሁ። ጥያቄው ሲቀርብ ግን ከሚቀርብለት ወገን ይህን ስሌት የሰማ አንድ ሰው ቢኖር ይጠቅማል። ከእናንተ መካከል እንዲገኝ እመኛለሁ።